ኤሲ ከመግዛታችን በፊት፦ የአንድ የአዳማ ቤት የሙቀት ጉዳይ

ባለፈው ዓመት መጋቢት ላይ ጋሼ ደወሉልኝ። ጋሼ የአክስቴ ባል ናቸው፤ ጡረታ የወጡ አስተማሪ። ሰላምታውን በቅጡ ሳንጨርስ «ኤሲ ስንት ገባ?» አሉኝ። ግንባታ ላይ ስለምሠራ ዘመድ ሁሉ ዋጋ የሚጠይቀው እኔን ነው። ሲሚንቶ ስንት ገባ፣ ብሎኬት ስንት ገባ፣ ለምጄዋለሁ። ኤሲ ግን ከእሳቸው አልጠበቅኩም። ሳሎን ውስጥ ሁለት አምፖል ከበራ ተነስተው አንዱን የሚያጠፉ ሰው ናቸው።

«ምነው ጋሼ፣ ምን ገጠማችሁ?»

«ቤቱ ምጣድ ሆነብን ልጄ። አክስትህ እንቅልፍ ካጣች ሰነበተች።»

«እስከ ቅዳሜ ምንም እንዳይገዙ። መጥቼ ልየው» አልኳቸው።

ከዚህ በታች ያለው የዚያ ቤት ታሪክ ነው። ምን እንዳየን፣ ምን እንደሞከርን፣ የቱ እንደሠራ፣ የቱ ገንዘብ እንዳስበላን። አዳማ፣ መተሐራ፣ አዋሽ ወይም ድሬዳዋ የሚኖር ሰው የራሱን ቤት የሚያይበት ይመስለኛል።

ቤቱ

ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲሜትር ብሎኬት ነው፤ ስፋቱ 10 በ8 ሜትር። ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፣ ምክንያቱም መንገዱ በዚያ በኩል ነው። እኛ አገር ቤት የሚዞረው ወደ መንገድ ነው፤ ፀሐይ በየት እንደምትገባ የሚጠይቅ የለም። ሳሎኑና ትልቁ መኝታ ቤት በምዕራብ በኩል ናቸው፤ ሁለቱ የልጆች ክፍሎች ደግሞ በምሥራቅ። ሳሎኑ ወርዱ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነ መስኮት አለው፤ የጋሼ ኩራት ነው። ወጥ ቤቱ ከመኝታ ቤቱ ጋር በአንድ ግድግዳ ተጣብቋል። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ኮርኒሱ ችፑድ።

ከአራት ዓመት በፊት አሮጌው ቆርቆሮ ዛገና በደማቅ ሰማያዊ፣ ወደ ጥቁር በሚያደላ ቆርቆሮ ተቀየረ። በዚያው ሰሞን ግቢው በሙሉ ሊሾ ሆነ። በምዕራብ በኩል የነበረችው ትልቅ የኒም ዛፍም ቅጠሏ ሊሾውን ያቆሽሻል ተብላ ተቆረጠች። ሦስቱም የተደረጉት ቤቱን ለማሳመር ነው።

«ሙቀቱ የባሰው ከመቼ ወዲህ ነው?» ብዬ ጠየቅኩ።

«አየሩ ተለውጧል እኮ፣ ዜና አትሰማም?» አሉ ጋሼ።

አክስቴ ከወጥ ቤት ሆና «ኒሟ ከተቆረጠች ወዲህ ነው» አለች። ተዉኝ ብላ ዝም ያለች ሰው ድምፅ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከግቢው ጀርባ ድሮ ሲገቡ የሠሯት የጭቃ ሰርቪስ አለች። ከጎረቤት አጥር ዘልቆ የመጣ ማንጎ ሙሉ በሙሉ ጥላ ያደርግባታል። አሁን የዕቃ ማስቀመጫ ናት ይባላል እንጂ ጋሼ ምሳ በልተው የሚያሸልቡት እዚያው ጆንያ መሃል ነው። ሰውዬው ትልቁን ቤት ትተው ሰርቪስ ውስጥ እየተኙ እኔን ኤሲ ይጠይቁኛል።

ሙቀቱ በየት ነው የሚገባው?

ሁለት ርካሽ ቴርሞሜትር ይዤ ነበር። አንዱን ውጭ ጥላ ውስጥ፣ አንዱን መኝታ ቤት ሰቀልኩ። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ውጭው 31፣ መኝታ ቤቱ 35 ዲግሪ አሳየ። የመኝታ ቤቱን አውርጄ ሰርቪሷ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት አስቀመጥኩት፤ 27። ማታ 4 ሰዓት ላይ እንደገና አየን፤ ውጭው 21 ወርዷል፣ መኝታ ቤቱ ገና 31 ላይ ነው።

እዚህ ጋ ቆም ማለት ያስፈልጋል። አየሩ 31 ሆኖ ቤቱ 35 ከሆነ ጥፋቱ የአዳማ አይደለም፣ የቤቱ ነው። አዳማ በረሃ አይደለችም። ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ በበጋ አየሩ ደረቅ ነው፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። በቀንና በሌሊት መካከል ያለው የ10 ዲግሪ ልዩነት ቤቱ ካወቀበት በነፃ የሚገኝ ኤሲ ነው። የእኛ ቤት ግን የቀኑን ሙቀት ይሰበስብና ሌሊቱን ዘግቶ ያቆየዋል።

ጣሪያውን ለማየት በኮርኒሱ መውጫ ቀዳዳ አንገቴን አስገባሁ። እንጀራ ሲወጣ ክዳኑን ስትከፍቱ ፊታችሁን የሚመታው እንፋሎት አለ አይደል? እርጥበቱን ቀንሱለት፣ እሱው ነው። አንድ ደቂቃ አልቆየሁም። ቆርቆሮው ፀሐይዋን ይጠጣል፣ ከሥሩ ያለውን አየር ያፈላል፣ አየሩ መውጫ የለውም፣ ምክንያቱም የጣሪያው ጠርዝ ዙሪያውን በላሜራ ተደፍኗል። ችፑዱ ስስ ነው። ሲግል ልክ እንደ ምድጃ ከላይ ወደ ሰው ይጨረራል። አልጋ ላይ ተጋድመህ ግንባርህ የሚሞቀው ለዚህ ነው።

ለምን ጣሪያው ዋናው እንደሆነ ለመረዳት ፀሐይዋን ማየት ነው። አዳማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ ሚያዝያ መጀመሪያና ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ አናታችን ላይ ትቆማለች። በቀረው ጊዜም ከአናት ብዙ አትርቅም። የሰሜንና የደቡብ ግድግዳ በትንሽ የጣሪያ ታዛ ይሸፈናል። ምሥራቁ ጠዋት ይመታል፣ ግን ያኔ አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ምዕራቡ ነው ጉዱ። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ በአግድም ስለምትመጣ ታዛ አያግዳትም፤ የምትመጣውም ሁሉም ነገር በጋለበት ሰዓት ነው። የብሎኬት ግድግዳ ከቀኑ 10 ሰዓት የጠጣውን ፀሐይ ማታ ወደ ውስጥ ይተፋዋል። ማታ 3 ሰዓት ላይ የጋሼን እጅ ይዤ የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ አስቀመጥኩት። ቶሎ ነው ያነሱት።

በዚያ ላይ ምጣድ አለ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይስባል። አክስቴ የምትጋግረው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ከመኝታ ቤቱ ግድግዳ ጀርባ።

መጀመሪያ የነካነው መስኮት ነው

ይህኛው ምንም ብር አያስወጣም፣ ግን ከሁሉም ያደከመኝ እሱ ነው። አክስቴ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ መስኮቱን ሁሉ ትከፍታለች፣ ማታ 12 ሰዓት ላይ ሁሉንም ትዘጋለች። እኔ ደግሞ ግልብጡን ነው የምፈልገው። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ዝጊ፣ ማታ ውጭው ሲቀዘቅዝ ክፈቺና አሳድሪው።

«በቀን መስኮት ዘግቶ መጋረጃ ጥሎ የሚቀመጥ የለቅሶ ቤት ነው» አለችኝ።

«ነፋሱ እንዲገባ ነው የምትከፍቺው አይደል? የሚገባው እኮ 31 ዲግሪ ነፋስ ነው። አቧራውን ጨምሮ።»

ሌሊት መክፈቱም ቀላል አይደለም። ሌባ አለ፣ ወባ አለ። ስለዚህ በሁሉም መኝታ ቤቶች ከፌሮው ፍርግርግ በስተ ጀርባ የትንኝ ወንፊት አስገባን። የበጋ ነፋስ አዳማ ላይ ባብዛኛው ከሰሜን ምሥራቅ ነው የሚመጣው። የልጆቹ ክፍሎች በዚያ በኩል ስለሆኑ ነፋሱ በእነሱ ይገባል፤ ግን መውጫ ካላገኘ አይገባም። በክፍሎቹ በሮች አናት ላይ ያለውን መስታወት አንስተን በወንፊት ቀየርነው። ነፋሱ ከልጆቹ ክፍል በኮሪደሩ አልፎ በትልቁ መኝታ ቤት መስኮት መውጣት ቻለ። በሁለተኛው ሳምንት ማታ 4 ሰዓት ላይ መኝታ ቤቱ ከ31 ወደ 27 ወርዶ አገኘነው። አክስቴ «ዕድሜ ለወንፊቱ» አለች። የእኔን ስም አልጠራችም።

ጣሪያው፣ ሁለት ጊዜ ተበላሽቶ አንድ ጊዜ የተሳካው

ሐሳቡ ቀላል ነው። ሞቃት አየር ወደ ላይ ይሄዳል፣ መውጫ ስጠው። ጣሪያው በሰሜንና በደቡብ ጫፍ ሦስት ማዕዘን ግንብ አለው። ከሁለቱም አናት ላይ ብሎኬት አንስተን ቀዳዳ ባለው ብሎኬት ተካን። ለወፍና ለአይጥ ወንፊት አደረግንበት። ከታች ደግሞ በጠርዙ ላሜራ ላይ በየሜትሩ ቀዳዳ አወጣን።

በማግስቱ የአዳማ ነፋስ ተነሳ። ከከተማው ዳር ያሉት ባለ 51 እና ባለ 153 ሜጋዋት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች እዚያ የተተከሉት ለጌጥ አይደለም። አቧራው በከፈትነው ቀዳዳ ገባ፣ በችፑዱ መጋጠሚያ ተንጠባጠበ፣ የአክስቴን ነጭ አልጋ ልብስ ቡናማ አደረገው። ስልኩን ሳነሳ ሰላምታም አልነበረም። የእኔ ስህተት ነው፤ ኮርኒሱን ሳልደፍን ጣሪያውን መክፈት አልነበረብኝም። ተመልሰን መጋጠሚያውን ሁሉ በስቱኮ ደፍነን በላዩ ቀጭን እንጨት መታንበት። በሰሜን በኩል ያለውን ቀዳዳም አጠበብነው። ከዚያ በኋላ አቧራ አልወረደም።

ቀጥሎ ቀለሙ። ወደ ጥቁር የሚያደላ ቆርቆሮ ከሚመታው ፀሐይ አብዛኛውን ይውጣል፤ ንጹሕ ነጭ ደግሞ አብዛኛውን ይመልሳል። «ታዲያ ቀለም የሌለው ብርማ ቆርቆሮስ?» የሚል አለ። እሱም አዲስ ሲሆን ፀሐይ ይመልሳል፣ ግን የዋጠውን ሙቀት መልሶ ለመልቀቅ ሰነፍ ነው፣ ሲያረጅ ደግሞ ያጠቁራል። ነጭ ይሻላል።

ጋሼ ወጪ ለመቀነስ ብለው «ኖራ እንቀባው» አሉ። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። ብዙ የሞቃት አገር ሰዎች ሲሚንቶና ጭቃ ጣሪያ ላይ ኖራ ይቀባሉ። ለስላሳ ቀለም ቅብ ቆርቆሮ ላይ ግን አይያዝም። እያወቅኩ እሺ አልኳቸው፤ እሳቸውን ከመከራከር ዝናቡ ያሳምናቸው ብዬ። በሁለተኛው ዝናብ ግቢው ወተት የፈሰሰበት መሰለ። ከዚያ ቆርቆሮው በሳሙና ታጠበ፣ ለብረት የሚሆን መነሻ ቀለም ተቀባ፣ በላዩ ነጭ የውጭ ቀለም ሁለት እጅ። ከፊት ለፊት ፎቅ ላይ ያሉ ጎረቤት ለጥቂት ቀን «ዓይናችንን አጠፋችሁት» አሉን። ደግነቱ አዳማ ነው፣ አቧራው ብልጭታውን በሁለት ሳምንት ውስጥ አደበዘዘው። ያው ብልጭታ ግን የምንፈልገው ስለሆነ በዓመት ሁለቴ በጎማ ውሃ መታጠብ አለበት።

ችፑዱ ላይ መከላከያ ንጣፍ መጨመር እፈልግ ነበር። ብሩ አልበቃም። ተውነው።

የምዕራቡ ግድግዳ

ጋሼ ለሳሎኑ መስኮት ወፍራም መጋረጃ ገዝተው ነበር። መጋረጃ ከውስጥ ሲሆን ፀሐይዋ መስታወቱን አልፋ ከገባች በኋላ ነው የሚያገኛት። ሙቀቱ ቤት ውስጥ ነው፣ የቀረው ብርሃኑን መከልከል ብቻ ነው። ጥላ ከመስታወቱ ውጭ መሆን አለበት።

መስኮቱን እናጥብበው ስል ጋሼ እምቢ አሉ። እሺ፣ ከፊቱ ጥላ እንሥራ አልኩ። ከግድግዳው 80 ሳንቲሜትር ርቆ በሞራሌ ፍሬም አቁመን የሸምበቆ ሰሌን ወጠርንበት። በጣም ያምር ነበር። ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ሌሊት ነፋሱ ግማሹን ገንጥሎ መንገድ ላይ ጣለው፤ ጠዋት የባጃጅ ሾፌር ነው ያመጣልን። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ሙሉ ሰሌን ማለት ሸራ ማለት ነው፣ ነፋሱን በሙሉ ይሸከማል። ሁለተኛውን በብረት ቱቦ ሠራነው፣ ሸምበቆውንም በጣት ስፋት እየለያየን አሰርነው። ነፋሱ በመሃሉ ያልፋል፣ ፀሐይዋ ግን ዝቅ ብላ ስትመጣ ሰባሪ ታገኛለች። ከሥሩ ሊሾውን በአንድ ሜትር ስፋት ሰብረን አፈር ሞላንና ፓሽን ፍሩት ተከልንበት። በአንድ ክረምት ፍሬሙን ሞላው። አክስቴ አሁን ጭማቂ እየሠራች ለሠፈሩ ትልካለች።

በኒሟ ቦታም አዲስ ኒም ተተክላለች። ያው ዛፍ ነው፣ ዛሬ ተተክሎ ነገ ጥላ አይሰጥም።

ውሃው ከየት ይመጣል ላላችሁኝ፣ ሠፈሩ ውስጥ ውሃ በፈረቃ ነው። የዕቃ ማጠቢያውን ውሃ ወደ ተክሉ አዞርነው። ለጣሪያውም አሸንዳ አደረግንለት። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 80 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 20 ሚሊሜትር ዝናብ ሲወርድ 1,600 ሊትር ነው፤ ትንሽ ቢባክንም ባለ ሁለት ሺህ ሊትር ሮቶ ከግማሽ በላይ ይሞላል። ጣሪያው ቀለም የተቀባ ስለሆነ ለተክልና ለጽዳት እንጂ ለመጠጥ አንጠቀምበትም።

ምጣዱ? ምጣዱ ወደ ሰርቪሷ በረንዳ ወጣ። አክስቴ ራሷ ናት የወሰነችው፤ እኔ ለመናገር ፈርቼ ነበር።

ታዲያ የጭቃ ቤት እንሥራ?

ጋሼ ይህን ሁሉ አይተው «ለካ ድሮ የሠራነው ቤት ነው ትክክሉ» አሉ። ግማሹ እውነት ነው። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ ሙቀቱን ለሰዓታት ያዘገየዋል፣ ሌሊቱ ከቀዘቀዘ ደግሞ ጠዋት ባዶ ሆኖ ይነሳል። የሐረር ጀጎል ቤቶች በወፍራም የድንጋይ ግድግዳና በውስጥ ግቢ የሚኖሩት በዚህ ነው። ሰርቪሷ ግን 27 ላይ የቆየችው በጭቃዋ ብቻ አይደለም። ማንጎው አለባት፣ መስኮቷ ትንሽ ነው፣ ምዕራቧ በአጥር ተሸፍኗል። ያንኑ የጭቃ ቤት አውጥታችሁ ሊሾ መሃል ብታቆሙትና ከላዩ ጥቁር ቆርቆሮ ብትጭኑበት እሱም ይጋግራችኋል።

በዚያ ላይ ሰው የሚፈልገውን መጠየቅ ያስፈልጋል። ሐሰን ፈትሂ የሚባለው ግብፃዊ አርክቴክት በ1940ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ ሉክሶር አጠገብ አዲስ ጉርና የምትባል መንደር በጭቃ ጡብ ሠርቶ ነበር። እስከ ዛሬ ባለሙያ ሁሉ የሚያደንቃት መንደር ናት። እንዲገቡባት የታሰቡት ሰዎች ግን አብዛኞቹ አንገባም አሉ። አክስቴን «ቤቱን በጭቃ ብንሠራውስ?» ብላት ምን እንደምትለኝ አውቃለሁ። ከጭቃ ቤት ወጥታ ብሎኬት ቤት ለመግባት ስንት ዓመት ዕቁብ እንደጣለች እኔም አስታውሳለሁ።

የበረሃ ቤት ጥበብን እንዳለ መገልበጥም አያዋጣም። ወፍራም ግድግዳ የሚሠራው ሌሊቱ የሚቀዘቅዝበት ቦታ ነው። ጅቡቲ ወይም ምጽዋ ብትሄዱ አየሩ እርጥብ ነው፣ ሌሊቱም አይወርድም፤ እዚያ የሚያስፈልገው ጥላና ነፋስ የሚያሳልፍ ቀላል ቤት ነው። በውሃ ማቀዝቀዝም እንደዚሁ። እንስራ ውስጥ ያለ ውሃ የሚቀዘቅዘው በላብ ነው፤ እንስራው የሚያልበው ደግሞ አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። አዳማ ላይ በመጋቢት ነፋስ በሚገባበት መስኮት እርጥብ አንሶላ ብትሰቅሉ ትሰሙታላችሁ፣ በሐምሌ ግን ክፍሉን ከማራስ ሌላ ጥቅም የለውም።

የጋሼ ትልቋ ልጅ ከከተማው ዳር ቦታ አላት። ለእሷ የነገርኳት ይህ ነው። የቤቱን ረጃጅም ጎኖች ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ አዙሪ፤ በምዕራብ መታጠቢያ ቤት፣ ዕቃ ቤትና ጋራዥ ይሁን፣ ሰው የሚተኛበት አይሁን። ዋናዎቹ መስኮቶች በሰሜንና በደቡብ። ወጥ ቤቱ ራቅ ብሎ፣ ነፋሱ ጢሱንና ሙቀቱን ወደ ቤት በማያመጣበት በኩል። ኮርኒሱ ከፍ ይበል፣ ጣሪያው ነጭና የሚተነፍስ ይሁን። ብሎኬቱን ከፑሚስ፣ ማለትም ቀዳዳ ከበዛበት ቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ብታሠሪው ከተራው ያነሰ ሙቀት ያሳልፋል፤ ስምጥ ሸለቆ ላይ ደግሞ ፑሚስና ቀይ አሸዋ ሞልቷል። መጀመሪያ ግን ዛፍ ትከዪ፤ መሠረት ከመቆፈርሽ በፊት። «ቦታው እኮ ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው» አለችኝ። በሩ ወደ ምዕራብ ይሁን፣ ቤቱ ግን አጭር ጎኑን ይስጥ።

ዘንድሮ መጋቢት

ቴርሞሜትሮቹን እንደገና ሰቀልን። ከቀኑ 9 ሰዓት ውጭው 31፣ መኝታ ቤቱ 29። ማታ 4 ሰዓት መኝታ ቤቱ 24። ሳሎኑ ገና 30 ላይ ነው፤ ያ መስኮት ከጥላውም ጋር ትልቅ ነው፣ ጋሼም እስከ አሁን እጃቸውን አልሰጡም። ለሳሎኑ የጣሪያ ቬንትሌተር ገዛን። ክፍሉን አያቀዘቅዝም፣ ሰውን ነው የሚያቀዘቅዘው፣ ግን ከ100 ዋት በታች ነው የሚበላው። ጠቅላላ ወጪው፣ የተገነጠለውን ሰሌንና የፈሰሰውን ኖራ ጨምሮ፣ ጋሼ ሊገዙት ካሰቡት ኤሲ ዋጋ ብዙም አልራቀም። ልዩነቱ በየወሩ ቆጣሪ ላይ የሚመጣው ነው። መብራት ሲጠፋም ጥላው አይጠፋም።

አክስቴ አሁን ሰርቪሷን አጽድተን እናከራያት ትላለች፤ ጋሼ ቤት ውስጥ ስለሚተኙ ባዶ ናት። ጋሼ ግን ምሳ ከበሉ በኋላ አሁንም ወደዚያው ያዘግማሉ። ባለፈው እሁድ «ቤቱ ቀዝቅዞ የለም እንዴ ጋሼ?» አልኳቸው።

«ቀዝቅዟል» አሉ። «እዚህ ግን ቴሌቪዥን የለም።»